ረቢአና ማማ ጠባቂው ውሻ

ከከሚሴ ወረድ ብሎ፣ ቦርከና የጨፋን ሜዳ ከፍሎ በሚያልፍበት ዳር፣ ረቢአ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። በአገሩ ወግ ገበሬ የሚባለው ወንድ ነው፤ እሷ ግን በሬ ጠምዶ ከማረስ በቀር የወንድ የተባለውን ሥራ ሁሉ በእጇ ትሠራ ነበር። ወዳ አይደለም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ባሏንና ሁለት ሴት ልጆቿን መንገድ ዳር በተተከለው መጠለያ ውስጥ አጥታለች። ከዚያ ድንኳን ተርፈው ወደ ማሳቸው የተመለሱት እሷና የመጨረሻ ልጇ ሙሀመድኑር ብቻ ናቸው። ልጁ ያኔ ገና ድምፁ አልጎረነነም ነበር። ሲመለሱ ጎጇቸው ጣራዋ ተገፎ፣ ግድግዳዋን ምስጥ በልቷት አገኟት። ሙሀመድኑር ጭራሮ ሰብስቦ ጥግ ላይ እሳት አነደደና «አዮ፣ ነይ ተቀመጪ» አላት። አዮ ማለት በነሱ ቤት እናቴ ማለት ነው። ረቢአ ከዚያች ቀን ወዲህ የኖረችው ለዚያ ልጅ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ልጁ አደገ። አረሰ፣ አጨደ፣ ለእናቱ ጎጆዋን መልሶ ከደነላት። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማሳው መሀል ማማ ይሠራል። አራት ጠንካራ ቋሚ ይተክላል፣ በላዩ እንጨት ይረበርባል፣ ገለባ ያነጥፋል፣ ከዚያ ወንጭፉን ይዞ ይወጣል። የጨፋ ማሽላ ቆሞ የሚሄድን ሰው ይውጣል፤ መሬት ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ከአፍንጫው በላይ አያይም። ዝንጀሮው ከገደሉ፣ ጦጣው ከወንዙ ዛፍ፣ ከርከሮው ከረግረጉ ሲመጣ የሚያየው ማማ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። ሙሀመድኑር ከላይ ሆኖ ሲጮህ ድምፁ እስከ አያ ጀይሉ ማሳ ይሰማ ነበር። አያ ጀይሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው። «የልጅሽ ጉሮሮ አገር ያርሳል» ይሏት ነበር።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ገና ክረምቱ ሳይገባ፣ ሙሀመድኑር ከሚሴ ገበያ ሄደ። አሞሌና የማረሻ ብረት ገዝቶ ሊመለስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያው ዙሪያውን ተከበበና ጢሙ ያቀመቀመ ሁሉ እየተለቀመ መኪና ላይ ተጫነ። አፈሳ ነው። ለረቢአ ወሬውን ያመጣላት አብዱሰላም ነው። አብዱሰላም የልጇ እኩያ ነው፤ አብረው ከብት የጠበቁ፣ አብረው ቁርዓን የተማሩ፣ ከአንድ ገበታ የበሉ ናቸው። በዚያው ዓመት የገበሬ ማኅበሩ ሚሊሻ ሆኖ ጠመንጃ ስለተሰጠው እሱን አልነኩትም። ደጃፏ ላይ ቆሞ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ «እትይ ረቢአ፣ ሙሀመድኑር ታፍሷል። ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ወስደዋቸዋል አሉ» አላት።

«አንተስ የት ነበርክ?» አለችው።

«እዚያው ነበርኩ፤» አለ ወደ መሬት እያየ። «ምን ላድርግ?»

በዚያ ዓመት መኸር ማማውን የሠሩላት አያ ጀይሉ ናቸው። ረቢአ ግን ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟታል። አንድ ቀን እየተጎተተች ወጣችና መውረጃው ጠፍቷት፣ እንጨቱን አቅፋ ቁልቁል ስትንሸራተት ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከማማው ሥር ቁጭ ብላ ቆርቆሮ እየደበደበች ነበር የምትጠብቀው። ዝንጀሮ ቆርቆሮን ለምዶ እስኪንቅ ብዙ አይፈጅበትም። እሷ ወዲህ ስትደበድብ እነሱ ወዲያ ሆነው ዘለላውን ይቀነጥሳሉ። ካሰበችው ግማሹን እንኳ አላስገባችም። ክረምቱን አንድ እፍኝ ንፍሮ ለሁለት ጊዜ እየከፈለች ወጣችው።

ውሻው የመጣው በዚያ ክረምት ነው። መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ሠፈራቸውን ነቅለው ሲሄዱ ጥለውት የሄዱት ነው አሉ። አመድማ መልክ፣ ቀጭን እግር፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ጎረምሳ ውሻ ነበር። አጥሯ ሥር ተኝቶ አደረ። ድንጋይ ወረወረችበት፤ ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ተኛ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። አያ ጀይሉ አይተውት «ያ ዳለቻ፣ ኮቱ!» ብለው በኦሮምኛ ጠሩትና መጣላቸው። ዳለቻ ማለት አመድማ ነው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

«ምን ሊሠራልኝ ነው?» አለቻቸው።

«ከቆርቆሮሽ ይሻላል፤» አሉ እየሳቁ። «ቢያንስ ጥርስ አለው።»

ጎረቤት ግን አጉረመረመ። ውሻ ያለበት ደጅ መላይካ አይገባም የሚሉ ሴቶች ከጉድጓዱ ውኃ ስትቀዳ ገለል ይሉባት ጀመር። ረቢአ የሰው ቂም አትወድም፤ ሼህ ሸረፈዲን ዘንድ ሄደች። ሼኹ ነገሯን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ለጨዋታ የሚያዝ ውሻ አይሆንም። ለከብትና ለአዝመራ ጠባቂ ከሆነ ግን ተፈቅዷል። ከቤት አታስገቢው። ምራቁ ከነካሽ በደንብ ታጠቢና ስገጂ፤» አሏት። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹም ዝም አሉ። ረቢአም ውሻውን አንድም ቀን በእጇ ሳትነካ ማማ ላይ መውጣት ልታስተምረው ተነሳች።

ለምን ማማ ላይ? ለሚስቁባት ሁሉ መልሷ አጭር ነበር። ዳለቻን መጀመሪያ ማሽላው ውስጥ ለቀቀችው። አገዳውን እየሰበረ፣ ማንን እንደሚያሳድድ ሳያውቅ ሲዋልል ዋለ። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ዞሮ ጠበቀውና ጎኑን ሸረከተው። ውሻው እንደ እሷ ነው፤ ከታች ሆኖ አያይም። ከላይ ቢሆን ግን ያያል፣ ይጮኻል፣ ጠላቱ የቱ ጋ እንዳለ ካወቀ በኋላ ወርዶ ያባርራል። ይህን ያሰበችው ቁስሉ ላይ አመድ እየነሰነሰችበት ነው።

አጀማመሯ አላማረም። በበትር እየነካች «ውጣ! ውጣ!» ብትለው ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ሸጉጦ መሬት ለመሬት ይሳባል። ብትቆጣው ይባስ ይሸሻል። አያ ጀይሉ ከአጥር ማዶ እያዩ፣ «አንቺ ሴት፣ ውሻ ነው እንጂ ምልምል ወታደር አይደለም!» አሏት። ቃሉ ልቧን ወጋት። ልጇም በዚያች ሰዓት የሆነ ቦታ እንደዚህ እየተጮኸበት ይሆናል። በትሯን አጥሩ ላይ ወረወረችውና ሁለተኛ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ታየው ጀመር። ማለዳ ማለዳ ዳለቻ ራሱ ደጃፉ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ማንም ሳያዘው ነው የሚወጣው። ረቢአ የደረቀ የማሽላ ቂጣ በመቀነቷ ቋጥራ ጠበቀችው። ፊተኛው እግሩ ድንጋዩን ሲነካ ለስለስ ባለ ድምፅ «ውጣ» አለችና ቁራሹን ድንጋዩ ላይ ጣለችለት። በልቶ ቀና አለ። ከድንጋዩ ሲወርድ ደግሞ «ውረድ» አለችና መሬት ላይ ጣለችለት። በየጠዋቱ እንዲህ አደረገች። አንድ ቀን እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ ድንጋዩን ሳታሳየው፣ ቂጣም ሳታሳየው «ውጣ» አለችው። ተነሳ። አያት። ሄደና ድንጋዩ ላይ ቆመ።

ረቢአ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ልጇ ከታፈሰ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው።

ከድንጋዩ ወደ ደጁ መደብ፣ ከመደቡ ወደ ተገለበጠ ሙቀጫ፣ ከሙቀጫው ወደ ወደቀው የዋርካ ግንድ አሻገረችው። እያንዳንዱ የየራሱ ጣጣ ነበረው። ሙቀጫው ጠባብ ነው፤ አራት እግሩን አሰባስቦ መቆም እስኪለምድ ደጋግሞ ወደቀ። ግንዱ ላይ ደግሞ ወጥቶ ቂጣውን እንደበላ ወዲያው ይዘላል፤ አይቆይም። ሳይታዘዝ ከወረደ ምንም እንደማያገኝ፣ ጠብቆ «ውረድ» ሲባል ከወረደ ግን ደህና ቁራሽ እንደሚያገኝ ቀስ በቀስ ገባው። ሲከፋው ትተወዋለች። እሷም ሲከፋት ትተወዋለች፤ የሚከፋት ቀን ብዙ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ከሚሴ በሚቆሙት መኪኖች ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ከልጇ ግን ቃል የለም። እንዲህ ባለ ቀን ግንዱ ላይ እሷ ትቀመጥና ውሻው ከሥሯ ይተኛል።

ማማው ከሁሉ የከበደው ነበር። አያ ጀይሉ ወፍራም ግንድ እንደ መሰላል ጎድጎድ አድርገው ጠርበው አጋደሙላት። ዳለቻ እግሩን ሲያሳርፍበት ግንዱ ተነቃነቀበትና ሸሸ። ግንዱን በልጥ ጠፍራ አሰረችው፤ ውሻው አሁንም ሸሸ። ጎድጓዳው ላይ ሁሉ ንፍሮ በተነችለት። አንድ ደረጃ፣ ሁለት ደረጃ እያለ ወጣ። ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው የፈራው። አፉን ቁልቁል አድርጎ ከላይ ያለቅሳል። ረቢአ በታማሚ ጉልበቷ ሥሩ ቆማ «ውረድ፣ አይዞህ፣ ውረድ» ስትለው ጎረቤት ይሰማታል። «ልጅ የምታሳድግ ነው የሚመስለው» ይላሉ። ይበሉ። ማሽላው እሸት ሳይዝ ዳለቻ በአንድ ቃል ይወጣ፣ በአንድ ቃል ይወርድ ነበር።

በሰማንያ ሁለት መግቢያ ማሽላው ከሰው አልፎ፣ ዘለላው ከብዶት አንገቱን ደፋ። «ውጣ» ስትለው ዳለቻ ይወጣና አፍንጫውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቆማል። አገዳ ሲነቃነቅ ካየ ፊቱን ወደዚያው አድርጎ ይጮኻል። እስኪያባርሩለት ድረስ ፊቱን አይመልስም። ያኔ ረቢአ «ውረድ!» ትለዋለች፤ በግንዱ ተንደርድሮ ወርዶ፣ ያየበት ቦታ ቀጥ ብሎ ይገባል። ዝንጀሮው እሪ ብሎ ወደ ገደሉ ሲሸሽ ይሰማል። ሰዎች ከወዲያኛው መንደር ሳይቀር መጥተው አዩት። አብዱሰላም እንኳ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሞ አይቶ፣ «እትይ ረቢአ፣ ይኸማ ከኛ ዘብ ይበልጣል» አላት። ረቢአም ደስ አላት። በሆዷ፣ ሙሀመድኑር ሲመጣ አሳየዋለሁ፤ ማማ ላይ የሚያነጋው ጣጣ ቀረለት እለዋለሁ፣ ትል ነበር።

ሙሀመድኑር መጣ።

ጥቅምት ላይ ነው። ሰሜን የነበረው ጦር እየተበተነ፣ ወታደሩ ጠመንጃውን እየጣለ፣ በየጫካው እያደረ ወደ ቀዬው ይሸሽ የነበረበት ጊዜ ነው። ሚሊሻው ደግሞ የሸሸውን እየለቀመ እንዲያስረክብ ታዟል። ሙሀመድኑር በእግሩ መጥቷል። ቀን በመንገድ መሄድ ስለፈራ በቦርከና ዳር በዳር እየተደበቀ፣ የእናቱ ማሽላ ውስጥ ገብቶ እስኪመሽ ሊተኛ አሰበ። ሲመሽ ወደ ጎጆው ሊወጣ ነበር። እናቱ ውሻ እንዳላት አያውቅም። ውሻውም እሱን አያውቀውም።

የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር፣ ተሰግዶ ነበር። ረቢአ ማማው ሥር ተቀምጣ የወደቀ ዘለላ ትለቅማለች። ዳለቻ ከላይ ድንገት ተነሳና ወደ ወንዙ በኩል ፊቱን አዙሮ መጮህ ያዘ። ድምፁ እንደ ዝንጀሮው ቀን አይደለም፤ ወፈር ያለ ነው። ከርከሮ ነው ብላ ገመተች።

«ውረድ!» አለችው።

ተንደርድሮ ወርዶ ገባ። አገዳው ሲሰባበር ሰማች። ከዚያ ሩጫው ቆመና ውሻው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መጮህ ቀጠለ። ከርከሮ ቢሆን ኖሮ ሩጫ ይኖር ነበር። ጆሮዋን ስትጥል በጩኸቱ መሀል የታፈነ ድምፅ መጣላት።

«ሂድ! ሂድ ከዚህ! በአላህ ሂድ!»

ያን ድምፅ የማታውቅ እናት የለችም። ረቢአ የለቀመችው ዘለላ ከእቅፏ ወደቀ። መጀመሪያ የመጣባት ደስታ ነው፤ ጉልበቷ ሳያማት ብድግ አለች። ብድግ ባለችበት ቅጽበት ደግሞ ከማሳው ጫፍ በመንገዱ የሚመጡ ሰዎችን አየች። አብዱሰላምና ሌሎች ሁለት ሚሊሻዎች ናቸው፤ ከስብሰባ እየተመለሱ ነው።

«እትይ ረቢአ!» ብሎ ተጣራ አብዱሰላም። «ምን ገባብዎ?»

«ከርከሮ ነው!» አለች። «ከርከሮ ነው፤ እናንተ ሂዱ፣ ውሻው ያባርረዋል!»

ውሻው ግን አላባረረም። ቆሞ ይጮኻል። ከዚያ ቦታ መነሳት አለበት። የምታዘው ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ራሷ ናት ያስተማረችው። «ውጣ!» ብላ ጮኸች። «ዳለቻ! ውጣ!»

ዳለቻ ታዘዘ። ከማሽላው ውስጥ ብቅ አለ፣ በግንዱ ላይ ሽቅብ ሮጠ፣ ማማው ላይ ቆመ። ፊቱንም ወደዚያችው ቦታ አዞረና እንደተማረው መጮህ ጀመረ። ጅራቱ ቀጥ ብሏል፣ አፍንጫው ቀጥ ብሏል፤ ከሩቅ ላለ ሰው በጣት እንደማመልከት ነበር። ከላይ ከተወችው ያሳያል፤ ካወረደችው ሄዶ ልጇ ላይ ይቆማል። ዝም በል የሚለውን አላስተማረችውም። ዝም ማለትን ማስተማር እንዳለባት በዚያ ሁሉ ጠዋት አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላላትም።

ሚሊሻዎቹ አልሄዱም። አንደኛው፣ ከወዲያኛው ቀበሌ የመጣው፣ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «ከርከሮማ ከሆነ እንገላግልሻ እናቴ። አገዳሽን ሁሉ እኮ ይጨርሰዋል፤» አለ። ውሻው ወዳመለከተበት አነጣጠረ። አብዱሰላም ረቢአን አየ። ፊቷን ሲያይ የገባው ነገር ያለ ይመስላል፤ «ቆይ፣ ቆይ እስቲ» አለ። ሰውየው ግን አቀባበለ።

ረቢአ እጆቿን ዘርግታ ከጠመንጃው ፊት ገባች።

«ሰው ነው! አትተኩሱ! ልጄ ነው! ልጄ ነው!»

የተናገረችው እሷ ናት። ሚሊሻዎቹ አላገኙትም፤ ውሻውም ቢሆን ጮኸ እንጂ ስም አልጠራም። ልጇን በስሙ አስረክባ የሰጠችው የራሷ አፍ ነው። ይህን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ማንም ቢመክራት፣ ማንም ቢያስረዳት፣ ባትናገሪ ይሞት ነበር ቢላት ከልቧ ሊያወጣላት አልቻለም።

ሙሀመድኑር እጁን ወደ ላይ አድርጎ ከማሽላው ወጣ። ከስቷል። ጫማ የለውም። የወታደር ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል። ረቢአ ሮጣ አቀፈችው። ላብና ጭቃ ይሸታል፤ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። እሱ ከትከሻዋ በላይ ማማውን ያይ ነበር።

«አዮ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይኸን ውሻ ከየት አመጣሽው?»

ዳለቻ አሁንም ይጮኻል።

«አብዱሰላም፣» አለች ዞር ብላ፣ «አብራችሁ ያደጋችሁ! ከቤቴ የበላህ! አላየሁም በል። አላህ ይይልህ፣ አላየሁም በል!»

አብዱሰላም ሌሎቹን ሁለቱን አየ። አንደኛው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኛም ቤተሰብ አለን፤» አለ ሰውየው። «ነገ አለቃ ቢሰማ በሱ ፋንታ የምንሄደው እኛ ነን።» አብዱሰላም ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ ፈታ። ቋጠሮው እንቢ ሲለው ሙሀመድኑር ራሱ እጆቹን አቀራርቦ ሰጠው።

ወደ ከሚሴ ሲወስዱት ረቢአ በታመመ ጉልበቷ እያነከሰች ተከተለች። የታሰሩት ሸሽተው የተያዙ ብዙ ልጆች ነበሩ። በየቀኑ ቂጣና ውኃ እየያዘች ከአጥሩ ውጭ ትቀመጣለች። አንዳንድ ቀን ያስገቡላታል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሷታል። ፊቱን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ቀን ስለ ማሽላው ጠየቃት። «ዘለላው ከብዷል፤ ሳይረግፍ እጨጂው፣» አላት። ስለ ራሱ ምንም አልነገራትም። አንድ ጠዋት ስትሄድ ግቢው ባዶ ነበር። ሌሊቱን በመኪና ወደ ላይ፣ ወደ ሰሜን ወስደዋቸዋል አሏት። ወዴት እንደሆነ የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ገሚሱ ወደ ግንባር ነው ይላል፤ ገሚሱ ሌላ ነገር ይልና እሷ መኖሯን ሲያይ ያቋርጠዋል።

ማሽላው አልታጨደም። ያ ሁሉ የተጠበቀ እሸት ረግፎ ወፍና ዝንጀሮ በላው። ዳለቻ የማማው ሥር ሄዶ ይቀመጥና ይጠብቃታል። ዓይን ዓይኗን ያያል። ያችን ቃል እንድትለው ነው። ረቢአ አፏን ትከፍታለች፤ ቃሉ አይወጣላትም። ልትጠላው ሞክራ ነበር፤ እንስሳ ምን ያውቃል፣ ያልኩትን ነው ያደረገ፣ እያለች ጥላቻው ወደ ራሷ ይዞርባታል። አንድ ቀን መጥረቢያ አንስታ የማማውን ቋሚዎች በየተራ ጣለቻቸው። አያ ጀይሉ ሲመጡ እንጨቱ ላይ ተቀምጣ አገኟት።

«ውሰዱልኝ፤» አለቻቸው። «ውሻውን ውሰዱልኝ።»

ወሰዱት። በሳቸውም ማሳ ማማ ላይ ወጣ፤ ጥሩ ጠባቂ ነው ይላሉ። ነፋሱ ወደሷ ሲነፍስ ጩኸቱ ይመጣል። ረቢአ ያን ጊዜ ሻሿን በጆሮዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስርና ወደ ቤት ትገባለች።

በግንቦት ሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር በደሴ መንገድ እንደ ጎርፍ ወረደ። ረቢአ ገንቦ ውኃ ተሸክማ ከሚሴ መግቢያ ላይ ተቀመጠች። ላለፈው ሁሉ ታጠጣለች፣ ላለፈው ሁሉ ስሙን ትጠራለች። «ሙሀመድኑር የሚባል የጨፋ ልጅ? ቀጠን ያለ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው?» አንዱ አላውቅም ይላል። አንዱ ሰው ሊያጽናናት ብሎ ከኋላ ይመጣል ይላታል። ከኋላ የመጣውም አያውቅም። ጎርፉ አለቀ፤ መንገዱ መኪና ብቻ ሆነ። እሷ ግን ገንቦዋን ይዛ ለብዙ ጊዜ ትሄድ ነበር።

አብዱሰላም መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ። ጠመንጃውን አስረክቧል። ኢድ ነበር።

«እትይ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይማሩኝ፤» አላት።

«ላንተ አውፍ ብያለሁ፤» አለችው። ሳታየው ነው የተናገረችው። «ሂድ እንግዲህ።»

አብዱሰላም ሄደ።

በዚያች ማሳ ረቢአ ሁለተኛ ማሽላ አልዘራችም። ጤፍ ብቻ ነው የምታዘራው። መሬቱ ለማሽላ ነው የሚስማማው፤ ጤፉ ቀጫጫ እየሆነ በቅጡ አያበላትም። አያ ጀይሉ ሊመክሯት ሞከሩ። «ሰው የሚውጥ እህል አልፈልግም፤» አለቻቸውና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሼህ ሸረፈዲን ከዓመት ዓመት በርቀት ላለ ሬሳ የሚሰገደውን ሶላት እናድርግለት ሲሏት እምቢ ትል ነበር። ሬሳ አላየሁም፣ ለሚመጣ ሰው እንዴት ይሰገዳል፣ ትላቸዋለች። አንድ ጁምዓ ግን ሳይጠሯት ራሷ መጣች። ጉልበቷ ከመታመሙ የተነሳ በሁለት እጇ ምርኩዝ ይዛ ነበር። ሼኹ ከመስጊዱ ደጃፍ ሲወጡ አገኘቻቸው።

«ይሰገድለት፤» አለች።

«ወሬ ሰማሽ እንዴ ረቢአ?»

«አልሰማሁም። መጠበቁ ነው ያለቀብኝ።»

ሰገዱለት። ረቢአ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ አላለቀሰችም። ሲያልቅ ተነስታ፣ ማንም ሳይሸኛት፣ በጨፋ መንገድ ወደ ቤቷ ወረደች።